የታራሚ ልጆች ክረምት

በሸዋ ሮቢት ለሕዝብ የተደረገ ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የቀረበ

 

የዛሬው ርእሴ አባታቸው ወይም እናታቸው የታሰረባቸው ልጆች ናቸው። ስለ ታራሚዎቹ ጥፋት ወይም ስለ ፍርዳቸው አልናገርም፤ እሱ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ዓላማዬ አንድ ነው፦ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት እነዚህ ልጆች ለጥቂት ቀናት ወደ ሸዋ ሮቢት መጥተው ቀን ከአባታቸው ጋር የሚውሉበት፣ ማታ ከእኩዮቻቸው ጋር የሚያድሩበት ካምፕ እንዲጀመር ላሳምናችሁ እፈልጋለሁ። በመጀመሪያ የወላጅ መታሰር በልጅ ላይ ምን እንደሚያደርስ አነሣለሁ፤ ከዚያ ሕጉን በአጭሩ፣ ቀጥሎ በሌላ አገር የተሠራውን አመጣለሁ። ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁት አንድ ከባድ ቅሬታም አለ፤ እሱን መልሼ ካምፑ እዚህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል በመናገር እጨርሳለሁ።

ለምን ሸዋ ሮቢት? በዚህ ከተማ አጠገብ ያለው ማረሚያ ቤት የፌዴራል ነው። ፍርደኞቹ ከአዲስ አበባና ከአገሪቱ ሌሎች ማዕዘናት የሚመጡ ናቸው፤ ቤተሰባቸውም ያለው በዚያው በመጡበት ነው። ከአዲስ አበባ እስከዚህ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አባቱን ለማየት የሚመጣ የሰባት ዓመት ልጅ ደብረ ብርሃንን በብርድ አልፎ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለውን የጣርማ በር ዋሻ ተሻግሮ፣ በደብረ ሲና ቁልቁለት እየተጠማዘዘ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው የይፋት ቆላ ይወርዳል። ጠዋት የለበሰው ሹራብ እዚህ ሲደርስ ያስጨንቀዋል። ቤተሰቡ ጎንደር ወይም ጅማ ከሆነማ መንገዱ ከአንድ ቀን በላይ ነው።

የዚህን ጉዞ ወጪ እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ፤ ጠያቂዎቹ የሚወርዱት በእናንተ መናኸሪያ፣ የሚያድሩት በእናንተ አልጋ ቤት፣ ስንቅ የሚያሟሉት ከእናንተ ገበያ ነው። የደርሶ መልስ ትራንስፖርት አለ፣ አልጋ አለ፣ ስንቅ አለ። እናት ለአንድ ሰው የሚበቃ ብር ብቻ ሲኖራት ልጁ ቤት ይቀራል። ዘንድሮ ቀርቶ ለከርሞም ይቀራል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከዚህ ከተማ ሲደርስም፣ ከዚያ ወዲህ መንገዱ በተዘጋ ቁጥርም፣ ልጅን ይዞ መምጣት ጨርሶ የማይታሰብ የሆነባቸው ወራት ብዙ ነበሩ። አባቱ ሲታሰር አራት ዓመቱ የነበረ ልጅ አሥር ዓመት ሲሞላው የአባቱን ድምፅ መለየት ቢያቅተው ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልግባ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ።

በአገራችን አባት ሲሞት ልጅ ብቻውን አይተውም። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል፣ ዘመድ ከሩቅ ይሰበሰባል። ሰልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት እየተባለ ኀዘኑ በደረጃ ይሸኛል። በሙስሊሙ ቤትም ተዕዚያውና ዱዓው አለ። አባት ሲታሰር ግን ድንኳን አይተከልም። እንዲያውም ትናንት ይመጣ የነበረው ጎረቤት እግሩን ያሳጥራል፤ እናት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መናገር ትጀምራለች፤ ልጁም በቤቱ የማይነሣ ወሬ መኖሩን ይረዳል። አሜሪካዊቷ የቤተሰብ ጉዳይ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምራ እንዲህ ያለውን መቋጫ የሌለው ማጣት አጥንታለች። የተነሣችው በቬትናም ጦርነት ጠፍተው ከቀሩ ወታደሮች ቤተሰቦች ነበር። ሰውየው ሞቷል እንዳይባል አስከሬን የለም፤ አለ እንዳይባል ማዕድ ላይ አይቀርብም። ቤተሰቡ ማልቀስም መጠበቅም ይቸግረዋል። የታራሚ ልጅ የሚኖረው በዚሁ መካከል ነው። በእሱ ላይ ደግሞ ኀፍረቱ ይጨመርበታል።

ከኀፍረቱ የሚመጣው ውሸት ነው። «አባትህ ዐረብ አገር ሄዷል» ይባላል፤ «ለሥራ ጠረፍ ወርዷል» ይባላል። የሚዋሹት ልጁን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ከመንደር አፍ ሊከልሉት ብለው ነው። ነገር ግን ልጅ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እኩያው ይሰማዋል፣ በስድብ መልክ ይሰማዋል። ያን ቀን ሁለት ነገር ያጣል፤ ዐረብ አገር ያለውን አባትና ቤት ያሉትን ሰዎች ማመን። ከዚያ በኋላ ለማን ይናገር? ክፍል ውስጥ የእሱ ዓይነት ሌላ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ ያኛውም ደብቋል። አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው የማይተዋወቁ ሁለት ልጆች አሉ ማለት ነው።

ይህ ጉዳት የማይቀር ዕጣ ነው ወይ? ለዚህ ሁለት ጥናቶችን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። ደቡብ ለንደን ውስጥ ያደጉ 411 ወንዶች ልጆች ከስምንት ዓመታቸው ጀምሮ ጎልማሳ እስኪሆኑ ሕይወታቸው ተጠንቷል። ጆሴፍ መሪና ዴቪድ ፋሪንግተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጽሑፍ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታቸው ወላጅ የታሰረባቸውን ልጆች በሞት፣ በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ከወላጅ ከተለዩት ጋር አነጻጸሩ። መለየቱ ለሁሉም ከባድ ነበር፤ በእስር ምክንያት የተለዩት ግን ካደጉም በኋላ በባሰ ችግር ውስጥ ተገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚሁ ተመራማሪዎች ከአንድ ስዊድናዊ ባልደረባቸው ጋር ስቶክሆልም ያደጉ 15,117 ልጆችን መዝገብ መረመሩ። ልጆቹ እንደ አብዛኞቹ የለንደን ልጆች እ.ኤ.አ. በ1953 የተወለዱ ናቸው። እዚያ ግን የወላጁ የወንጀል ታሪክ ከግምት ሲገባ መታሰሩ ለብቻው ያመጣው ተጨማሪ ጉዳት አልታየም። ምክንያቱን ሲያስቡ ያነሡት የስዊድን እስራት አጭር መሆኑን፣ ማረሚያ ቤቱ ለቤተሰብ በሩን ክፍት ማድረጉን፣ መንግሥት ለቤተሰቡ ድጋፍ መስጠቱንና ሕዝቡ ለታራሚ ያለውን አመለካከት ነው።

እኔ ከእነዚህ ጥናቶች የምወስደው ይህን ነው፦ አባት በመታሰሩ ልጁ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ትልቁ ክፍል በእኛ እጅ ነው። በጎረቤት፣ በመምህር፣ በማረሚያ ቤት በር ላይ በቆመው ጠባቂ እጅ ነው። «የእስረኛ ልጅ እስረኛ ይሆናል» የሚለው አነጋገር በጥናት የቆመ አይደለም፤ ልጁን እየደጋገምን እንደዚያ ከጠራነው ግን በዚያው መንገድ እየገፋነው ነው።

የሕጉን ነገር ባጭሩ ልበል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹና ከሌሎችም ጋር እንዲገናኝና እንዲጎበኝ ዕድል ይሰጠዋል። የዚህ መብት ባለቤት ታራሚው ነው። ስለ ልጁ ለማወቅ ወደ አንቀጽ 36 መሄድ ያስፈልጋል፤ በዚያ ማንኛውም ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ተጽፏል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 ከወላጁ የተለየ ልጅ፣ ጥቅሙን የሚጻረር ካልሆነ በቀር፣ ከወላጁ ጋር በቀጥታና በየጊዜው የመገናኘት መብት ይሰጠዋል። የአፍሪካ ሕፃናት ቻርተር ደግሞ አንቀጽ 30ን ሙሉ ለሙሉ ለታሰሩ እናቶች ልጆች ሰጥቷል። ቻርተሩን የሚከታተለው የአፍሪካ ኮሚቴ ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ የመጀመሪያውን አጠቃላይ ማብራሪያ ያወጣው በዚሁ አንቀጽ ላይ ነው፤ ጥበቃውንም ዋና አሳዳጊያቸው አባታቸው ለሆነ ልጆች ጭምር አስፍቶታል።

በታራሚው መብትና በልጁ መብት መካከል ያለው ልዩነት በሥራ ላይ ትልቅ ነው። ጉብኝት የታራሚው መብት ብቻ ከሆነ፣ ታራሚው ሲያጠፋ በቅጣት ሊከለከል የሚችል ነገር መስሎ ይታያል። የልጁ መብት ከሆነ ግን ያላጠፋ ሰው መብት ነውና በአባቱ ጥፋት ሊቀነስበት አይገባም። የጉብኝቱ ቦታም በልጅ ዓይን መታየት አለበት። በብዙ ማረሚያ ቤቶቻችን ጠያቂና ተጠያቂ በአጥር ተለያይተው፣ በሌሎች ጠያቂዎች ጩኸት መካከል፣ ለጥቂት ደቂቃ ይነጋገራሉ። ለትልቅ ሰው ይህ ወሬ ለመለዋወጥ ይበቃው ይሆናል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን በወሬ አይቀርብም፤ ልጅ የሚቀርበው አብሮ በመጫወት፣ ትከሻ ላይ በመውጣት፣ አንድ ነገር አብሮ በመሥራት ነው። ለዚህ ጊዜና ቦታ ያስፈልጋል።

ሌላ አገር የተሠራውን ለማየት ወደ ዋሽንግተን ልውሰዳችሁ፤ ታሪኩ ከሸዋ ሮቢት ጋር ይመሳሰላልና። የዋሽንግተን ከተማ ፍርደኞች ለብዙ ዘመን የሚታሰሩት ከከተማው አቅራቢያ በሎርተን ነበር። ያ እስር ቤት እንዲዘጋ ተወስኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ጨርሶ እስኪዘጋ ድረስ፣ ፍርደኞቹ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ወደራቁ እስር ቤቶች ተበተኑ። ልጆቻቸው ዋሽንግተን ቀሩ። ይህን ያየች ካሮል ፈነሊ የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1998 ሆፕ ሃውስ የሚባል ድርጅት መሠረተች። አባቶች መጽሐፍ ሲያነቡ ድምፃቸው ተቀርጾ ለልጆቻቸው እንዲላክ አደረገች። ከዚያ ክረምት ሲመጣ ልጆቹን በአውቶቡስ ጭና ወደ እስር ቤቶቹ ትወስድ ጀመር። ልጆቹ ማታ ካምፕ ያድራሉ፤ ቀን እስር ቤቱ ውስጥ ከአባታቸው ጋር ይውላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ምሳ አብረው ይበላሉ፣ አንድ ትልቅ ሥዕል አብረው ይሥላሉ። እንዲህ ለአንድ ሳምንት።

ከእርሷ ቀድሞም አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 ሜሪ ኬይ ቢርድ የተባለች፣ ራሷ አላባማ ውስጥ ታስራ የወጣች ሴት፣ ለታራሚ ልጆች በወላጃቸው ስም የገና ስጦታ የሚሰጥበትን ሥራ ጀምራ ነበር። ያነሣሣት እስር ቤት ሳለች ያየችው ነው፤ ታሳሪ እናቶች በዕርዳታ የተሰጣቸውን ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ሳይጠቀሙ አጠራቅመው ለልጆቻቸው ስጦታ ያደርጉት ነበር። ያ ሥራ ሰፍቶ ዛሬ የታራሚ ልጆችን ወደ ክረምት ካምፕ ይልካል። ወደ እኛ ስንቀርብ ኡጋንዳ ውስጥ ዌልስ ኦፍ ሆፕ የተባለ ድርጅት የታራሚ ልጆችን ያስተምራል፣ ወላጆቻቸውንም እንዲጠይቁ እስር ቤት ድረስ ይወስዳል። ኡጋንዳም እንደ እኛ ባለጸጋ አገር አይደለችም፤ ገንዘብ የለንም የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ ይደክማል።

አሁን ወደ ቅሬታው። «ለገዳይ ልጅ ካምፕ ስትደግሱ የተገደለው ሰው ልጅስ?» የሚል ሰው በዚህ አዳራሽ አለ። ሊኖርም ይገባል፤ ቅሬታው እውነት ነው። አባቱ የተገደለበት ልጅ ምንም ሳይደረግለት የገዳዩ ልጅ በአውቶቡስ ተጭኖ ሲመጣ ማየት ያማል። መልሴ ግን የይፋትና የአጎራባቹ የወሎ ሽማግሌዎች ያስተማሩን ነው። እናንተ ደም ስታደርቁ፣ ወሎዎችም በአበጋሮቻቸው ሲያስታርቁ፣ ለምንድን ነው የሁለቱን ወገን ቤተሰብ ጭምር የምታስቀምጡት? ቂም ከአባት ወደ ልጅ እንደሚወርድ ስለምታውቁ ነው። ነገ ደም መላሽ ሊሆን የሚችለው ያ ልጅ ነው፤ ነገ ደም የሚፈለግበትም ያኛው ልጅ ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው እጅ አባት አጥተዋል፤ አንዱ ለዘለዓለም፣ ሌላው ለዓመታት። ለአንደኛው የምናደርገው ከሁለተኛው የሚቀነስ አይደለም። ይህን ሥራ የሚይዘው ኮሚቴ የተበዳይ ቤተሰብ ልጆችንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ በሌላ ጊዜና በሌላ ቦታ፣ በእኩል ገንዘብ እንዲያስብ እጠይቃለሁ። ያለዚህ ካምፑ በሕዝብ ዘንድ ሥር አይሰድም፤ ባይሰድም አይገርመኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጁን ራሱን ወይም እናቱን የበደለ አባት አለ። እንዲህ ያለውን ልጅ «አባትህ ነው» ብሎ መውሰድ ግፍ ነው። ልጁ ካልፈለገ አይመጣ፤ መጥቶም ከደነገጠ ማንም ሳይገስጸው ይመለስ።

በመጨረሻ ካምፑን በሸዋ ሮቢት አፈርና አየር ላይ እናስቀምጠው። ጊዜው ሐምሌ ቢሆን ይሻላል። ትምህርት ቤት በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል፤ ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሆነ የሚጾሙና የሚያስቀድሱ ልጆች ከቤታቸው አይለዩም። ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በቆላችን ወባ ይበረታል፤ ሐምሌ ከዚያ ይቀድማል። ያም ሆኖ ከደጋ የመጣ ልጅ ለወባ እንግዳ ነውና አጎበር ያልተዘጋጀለት አልጋ ላይ አንድም ልጅ አይተኛ። ማደሪያው ለክረምት ባዶ የሚሆነው የትምህርት ቤት ክፍል ይሁን። ምግቡን ከሥጋ ነጻ ብናደርገው የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ በአንድ ማዕድ ይቀርባል፤ ሽሮ አለን፣ የቀወት ማሾ አለን፣ ማንጎና ፓፓያ አለን። ይፋት ሁለቱን ሃይማኖት በአንድ ገበያ ሲያገናኝ የኖረ አገር ስለሆነ ይህን ማንም ሊያስተምረው አይገባም።

ቀኑ ከአባት ጋር ምን ይሠራበታል? ንግግር አይብዛበት። ባለሥልጣን ረጅም ንግግር የሚያደርግበት መክፈቻ ልጆቹን ያደክማል። ልጁ ከትምህርት ቤት የተሰጠውን ካርድ ይዞ ይምጣ፣ አባቱ ውጤቱን አይቶ ይፈርምለት። ይህች ፊርማ ትንሽ እንዳትመስላችሁ፤ ለዓመታት «ወላጅ» በሚለው መስመር ላይ አያቱ ወይም አክስቱ ስትፈርምለት ለኖረ ልጅ አባቱ እንደገና ኃላፊነት ሲወስድ የሚያይባት ናት። ኳስ ይጫወቱ። አባትየው በማረሚያ ቤት የተማረው የእንጨት ወይም የሽመና ሥራ ካለ ለልጁ ያሳየው። ተረት የሚያውቅ ተረት ያውራ፤ ድምፁ ይቀረጽና ልጁ ይዞት ይሂድ። አባቶቹም ከሳምንታት በፊት ይዘጋጁ፦ «ለምን ታሰርክ?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ ሳይዋሹ፣ የልጁን ዕድሜ ጠብቀው እንዴት እንደሚመልሱ ይለማመዱ። ለዚህ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህራንና ተማሪዎች እገዛ መጠየቅ ይቻላል፤ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት በየዓመቱ ወጣቶችን ያሰማራልና።

ጠባቂዎቹ በእነዚያ ቀናት መለዮአቸውን ቢያወልቁ እመኛለሁ፤ ፍተሻው አይቀርም፣ ሴት ልጅን ሴት ትፈትሽ፣ በፈገግታ ይሁን። ካምፑ ስሙ ላይ እስረኛ ወይም ታራሚ የሚል ቃል አይኑርበት፤ ልጁ ተመልሶ «የት ከረምክ?» ሲባል የሚያፍርበት ስም አይሁን። ካሜራም ይቅር። ስለ በጎ አድራጎት ዜና ሲሠራ የልጆች ፊት በቴሌቪዥን ይታያል፤ ደብቀው ያሳደጓቸው እናቶች ልፋት በአንድ ምሽት ይፈርሳል፤ ቂም ያለበት ወገንም ልጁን በመልኩ ሊያውቀው ይችላል። ለጋሽ ፎቶ ካልተነሣ አልሰጥም ካለ ያ ገንዘብ ይቅርብን።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ የመለያያው ቀን ነው። ለጥቂት ቀናት አባቱን አግኝቶ የተመለሰ ልጅ ቤቱ ሲገባ ሊያለቅስ፣ ሊቆጣ፣ ምግብ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ከካምፑ በፊት አንድ ነገር ይወሰን፦ ከካምፑ በኋላ ልጁ በወር ስንት ጊዜ በስልክ አባቱን እንደሚያገኝ። ይህ ካልተወሰነ ካምፑ አይጀመር። መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ክረምትም ልጅ ማጓጓዝ አይገባም፤ በዚያ ዓመት ስልኩ ይብዛ፣ የተቀረጸው ተረት ይላክ፣ ልጆቹ እንዳልተረሱ ይወቁ።

የተከበራችሁ አድማጮቼ፤ በወንጀል ሕጋችን የተፈረደበት ሰው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ሲፈጽምና መስፈርቱን ሲያሟላ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል፤ በየበዓሉ በይቅርታ የሚወጡም አሉ። አብዛኞቹ አባቶች አንድ ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በሩን ሲያንኳኩ የሚከፍትላቸው ልጅ እንዲያውቃቸው ከተፈለገ ሥራው ከአሁን መጀመር አለበት። የማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ለአምስት ቀን የሚሆን አንድ ሜዳና ጥላ እንዲፈቅድ፣ የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በሐምሌ አንድ ትምህርት ቤት እንዲሰጥ፣ ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች የተበዳይ ቤተሰቦችን አስቀድመው እንዲያናግሩ እለምናለሁ። በሃያ ልጆች ይጀመር። ለእነዚህ ቀናት ጊዜያችሁን ለመስጠት የምትፈቅዱ መምህራንና እናቶች ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ ስማችሁን ለአዘጋጆቹ አስመዝግቡ።